ዋስ አልሆንህም

ሰብሌ «አልፈርምም» ያለችው ቀስ ብላ ነበር። ኢያቄም ግን የጮኸችበት ያህል ደነገጠ።

ከሆስፒታሉ የማዋለጃ ክፍል ጀርባ፣ የታጠቡ አንሶላዎች ከሚሰጡበት ገመድ አጠገብ ቆመዋል። ንፋሱ አንሶላውን እያነሳ አንዴ ፊቱን ይሸፍንባታል፣ አንዴ ይገልጥላታል። በእጁ የብድር ዋስትና ቅጽ ይዟል። የእሱ ስም፣ የእናቱ ስም፣ የሆቴላቸው አድራሻ፣ ሁሉም ተሞልቷል። ባዶ የቀረው የዋሱ ቦታ ብቻ ነው።

«ሰብልየ፣ ፊርማ ብቻ እኮ ነው» አላት። «ገንዘብ አምጭ አላልኩሽ።»

«ፊርማ ብቻ አይደለም ኢያቄም።»

«ምንድን ነው ታዲያ?»

«እናንተ መክፈል ሲያቅታችሁ እኔ ከደመወዜ እከፍላለሁ ማለት ነው። ሌላ ትርጉም የለውም።»

«ያቅታችኋል ብለሽ ነው የምታስቢ?»

መልሱን ታውቀዋለች። ያቅታቸዋል ብላ ታስባለች። ዐይኖቹን ስታይ ግን ንፋሱ ያነሳውን አንሶላ ወደ ማስተካከል ዞረች። እሱ ይህን በራሱ መንገድ ተረጎመው።

«እሽ» አለ ወረቀቱን እያጠፈ። «ለአባትሽ ሽማግሌ ልልክ እየተዘጋጀሁ ነበር። ላገባት ያሰብኳት ሴት እንደማታምነኝ ያወቅሁት ዛሬ ነው።»

ነጭ ጋዋኑ ከአንሶላዎቹ መሐል ገብቶ ጠፋ። ሰብሌ ልትጠራው አፏን ከፈተች። ብትጠራው እንደምትፈርም ስለገባት መልሳ ዘጋችው። ቆማ እርጥቡን አንሶላ በሁለት እጇ ጨብጣ ያዘች፣ እጇ እስኪቀዘቅዝ ድረስ።

* * *

ሁለቱን ያገናኛቸው የገንዘብ ትምህርት ነው ቢባል የሚያምን የለም። ነገሩ ግን እንዲያ ነበር።

ባለፈው ዓመት የላሊበላ ሆስፒታል ሠራተኞች የቁጠባና ብድር ማኅበር ስለ ገንዘብ አያያዝ ስልጠና አዘጋጀ። የመጀመሪያው ቅዳሜ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። አሰልጣኙ አቶ ምናለ የሚባሉ፣ ከባንክ ሥራ ጡረታ ወጥተው ወልድያ የሚኖሩ ሰው ናቸው። ስልጠናው አበል እንደሌለው በትሕትና ሲናገሩ ግማሹ ሰው ለሻይ ወጣና አልተመለሰም። በቀጣዩ ቅዳሜ የቀሩት ከፊት ወንበር ላይ ደብተሯን የዘረጋችው አዋላጇ ሰብሌ፣ ጥቂት ሰዎች፣ ከኋላዋ ደግሞ የማደንዘዣ ባለሙያው ኢያቄም ነበሩ።

አቶ ምናለ በጣም የሚገርማቸውን ነገር ደጋግመው ይናገሩት ነበር። «እናንተ ለበሽተኛ መርፌ ከመውጋታችሁ በፊት የመድኃኒቱን ስም ታነባላችሁ፣ መጠኑን ታያላችሁ፣ ጊዜው አልፎ እንደሆን ታረጋግጣላችሁ። የዓመት ደመወዛችሁን ግን ጓደኛችሁ ‹አሪፍ ነው› ስላላችሁ ብቻ ታወጣላችሁ!» ይላሉ። የሚስቅ አልነበረም፤ እውነታቸውን ነውና። በሆስፒታሉ ገንዘብ የሚሄደው ወሬ ወደ ሄደበት ነበር። አንዱ ወልድያ ቦታ ገዛ ሲባል ሌላው ካርታ ሳያይ ቀብድ ይከፍላል። ከዚያ በፊት ደግሞ ሰው ባስገቡ ቁጥር በየቀኑ ትርፍ ያስገባል የተባለ የስልክ አፕ መጥቶ ዶክተሩንም ጽዳቱንም አዳርሶ፣ አንድ ማለዳ አልከፍትም አለ። ያን ቀን ተረኛ ነርሶች ከሕመምተኛ ተደብቀው ሲያለቅሱ ሰብሌ አይታለች።

ሰብሌ የሰማችውን በልቧ አልተወችውም። ከደመወዟ ለክፉ ቀን የማይነካ አስቀመጠች። የተረፈውን ከፋፍላ፣ ጥቂቱን በማኅበሩ፣ ጥቂቱን በባንክ አክሲዮን፣ ጥቂቱን ደግሞ ገነተ ማርያም ካለው ገበሬ አባቷ ጋር በሬ ገዝተው እያደለቡ ለበዓል በመሸጥ ላይ አዋለችው። ከአንዱ ብትከስር ሌላው ይይዛታል።

ኢያቄም ስልጠናውን እስከ መጨረሻው ተከታትሎ ሲያበቃ እንኳ ደመወዙን እንዳለ ለእናቱ ይሰጥ ነበር። እናቱ ወይዘሮ ጥሩሰው ከላሊበላ ዋና መንገድ ወረድ ብሎ ባለ አንድ ፎቅ ሆቴል አላቸው። ሟቹ ባለቤታቸው አቶ አረጋ፣ ፈረንጅ እንደ ጉድ በሚጎርፍበት ጊዜ፣ ሁለተኛውን ፎቅ ጀምረው ነበር። ከዚያ ኮሮና መጣ፣ ኮሮና ሳይለቅ ጦርነቱ ደረሰ፣ በመሐሉ አቶ አረጋ አረፉ። እንግዳው ቀረ። ከጣራው በላይ እርቃኑን የቆመው ፌሮ ዝናብና ፀሐይ እየተፈራረቀበት ዛገ። አሁን ጥቂት ቱሪስት መታየት ሲጀምር እናትየው «ተበድረን እንጨርሰው» አሉ። አበዳሪው ደግሞ ደመወዝተኛ ዋስ ጠየቀ።

* * *

እምቢታዋ ሆቴሉ ቤት ለመድረስ አንድ ቀን አልፈጀበትም። ወይዘሮ ጥሩሰው «የገበሬ ልጅ ገና ሳትገባ ንብረታችንን ታሰላለች» ብለዋል አሉ። ሊላኩ የነበሩት ሽማግሎች «ይቆይ» ተባሉ።

ሰብሌን ይበልጥ ያመማት ግን የኢያቄም ዝምታ ነበር። ሥራ ላይ ሽሽት የለም። ምጥ የጠናባትን እናት ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ይዛ ስትገባ በራስጌ በኩል የሚጠብቃት እሱ ነው። ሁለቱም ፊታቸውን በማስክ ሸፍነው የሚተያዩት በዐይን ብቻ ነው። ድሮ እነዚያ ዐይኖች «አይዞሽ፣ እኔ አለሁ» ይሏት ነበር። አሁን የደም ግፊቱን ከማሽኑ ላይ ያነባሉ፣ ወደ ሐኪሙ ይመለከታሉ፣ እሷ ጋ ሲደርሱ ግድግዳ እንዳዩ ያልፋሉ። አንድ ቀን ሕፃኑ አልቅስ ቢባል እምቢ አለ። ሰብሌ ጀርባውን አሸት አሸት አድርጋ ድምፁ ሲወጣ፣ ቀና ስትል የኢያቄም ዐይኖች ከማስኩ በላይ ፈገግ ሲሉላት ያዘቻቸው። ወዲያው ፊቱን አዞረ። ያች ቅጽበት ከቁጣው ሁሉ በላይ ልቧን ሰበረችው።

ማታ ማታ ቴሌግራም ላይ «ስማኝ፣ ምክንያት አለኝ» ብላ ትጽፍና ታጠፋዋለች። ምክንያቱን ለመናገር ታፍራለች።

በሦስተኛው ሳምንት የአጥንት ክፍል ነርሱ ደባሱ የመድኃኒት ጋሪውን እየገፋ አጠገቧ ቆመ። የኢያቄም የልብ ወዳጅ ነው።

«ኧረ ምን ሁነሽ ነው እንዲህ የከሳሽ? ነገሩ እኮ አለቀ» አላት። «ሰኞ እኔ እፈርምለታለሁ።»

«አንተ? ደባሱ፣ ልጆች አሉህ እኮ!»

«ምን አለበት? ወንድሜ ነው። ፊርማ ብቻ ነው አለኝ።»

ሰብሌ ያን ቃል ስትሰማ ከውስጧ አንድ ነገር ቀጥ ብሎ ቆመ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የምትጠብቀው ራሷን ብቻ መስሏት ነበር። ዝም ብትል የሚወድቀው አንድ ቤት ብቻ እንደማይሆን አሁን ታያት። ኀፍረቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ ነገር መሰላት።

* * *

ቅዳሜ ከሰዓት ተረኝነቷን ጨርሳ፣ ጋዋኗን አውልቃ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ሆቴሉ ወረደች። ያልታጨች ልጅ ብቻዋን ወደ ወንድ እናት ቤት መሄዷ ምን እንደሚያስብል ታውቃለች። እግሯ አላመነታም።

ወይዘሮ ጥሩሰው ባዶው የምግብ አዳራሽ ውስጥ የጠረጴዛ ልብስ ያጥፋሉ። ማንም ያልተቀመጠባቸው ወንበሮች ዙሪያቸውን በሥርዓት ተደርድረዋል።

«ሽማግሌ በኛ በኩል ነበር የሚላከው» አሉ ቀና ሳይሉ። «አሁን ልጅቱ ራሷ ሽማግሌ ሁና መጣች?»

«ሽማግሌ ሁኘ አልመጣሁም እትየ። እኔው ስለ ራሴ ልናገር ነው የመጣሁ።»

«ስለ ቤቴ ገቢና ወጪ ለአንቺ መልስ አልሰጥም።»

«አልጠይቅዎትም። ይስሙኝ ብቻ። ከሰሙኝ በኋላ ውጭ ቢሉኝ እወጣለሁ።»

ወይዘሮ ጥሩሰው የያዙትን ጨርቅ አስቀመጡ። ተቀመጭ አላሏትም። ሰብሌ ቆማ ጀመረች።

«እኔ ልጅ ሁኘ አባቴ አድማሴ ለአጎቱ ልጅ ዋስ ሁኖ ነበር። ለማዳበሪያና ለዘር የተወሰደ ብድር ነው። እሱንም ፊርማ ብቻ ነው ነበር ያሉት። አባቴ ፊርማ እንኳ አያውቅ፣ አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ነው ያሳረፈ። የአጎቱ ልጅ ክፉ ሰው አልነበረም፣ እትየ። ዝናቡ ነው የከዳው። መክፈል ሲያቅተው አባቴ ጋ መጡ። በሬዎቻችን ተሸጡ። ያን ዓመት ማሳችንን የሚያርስልን ሰው ለመንን። እኔም ከትምህርት ቀርቸ እንጨት ስሸጥ ከረምሁ።»

አንድ እርምጃ ቀርባ ቀጠለች።

«እሱ ሁሉ አለፈ፣ በሬም ተተካ። ያልተተካው ሌላ ነው። አባቴና የአጎቱ ልጅ እንደ ወንድማማች ያደጉ ናቸው። እስከ ዛሬ በአንድ ማዕድ አይቀርቡም። አንዱ ሲመጣ አንዱ መንገድ ይቀይራል። ዋስ የሆነው ስለሚወደው ነበር፣ ያጣውም በዚያው ነው። እኔ ኢያቄምን እንደዚያ አላጣውም። ለዚህ ነው አልፈርምም ያልሁት።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

ድምፁ ከበሩ በኩል መጣ። ኢያቄም ነው። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመ አላወቀችም። በአንድ እጁ የበሩን መቃን ይዟል።

«አፍሬ ነው» አለችው። «የናንተ ቤት ፎቅ አለው። እኔ በሬ የተሸጠበትን ቤት ታሪክ እንዴት ብየ ላምጣልህ? ደግሞ ታውቀው መስሎኝ ነበር፣ ዋስ ምን ማለት እንደሆነ። አቶ ምናለ አንድ ሙሉ ቀን ያስተማሩት ስለ እሱ ነው። አብረን ነበርን እኮ!»

ኢያቄም አንገቱን ደፋ። «ምንም አልሰማሁም» አለ። «አበል የለም ሲሉ ልወጣ ተነስቸ ነበር። አንቺ ከፊት ተቀምጠሽ አየሁሽና ቀረሁ። ያን ሁሉ ቅዳሜ ሹሩባሽን ሳይ ነው የከረምሁት። የተማርሁት ነገር ቢኖር እሱን ብቻ ነው።»

በሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር። አሁን እንባዋ መጣ።

ኢያቄም ወደ እናቱ ዞረ። «እማየ፣ ሰኞ ደባሱ አይፈርምም። የልጆቹን ጉሮሮ አላስይዝም። ብድሩም ይቅር።»

«አባትህ የጀመረው ይቅር?»

«አባየ የጀመረው አልጋ ጠፍቶ እንግዳ ሳሎን በሚያድርበት ጊዜ ነው። ዛሬ ያሉን ክፍሎች እንኳ ባዶ ናቸው። ከላይ ብንጨምር ባዶ ነው የምንጨምር።»

ወይዘሮ ጥሩሰው ተነሥተው ወደ ደረጃው ሄዱ። ኢያቄም ሊከተላቸው ሲል ሰብሌ ክንዱን ያዝ አድርጋ አስቆመችውና ራሷ ወጣች።

* * *

ከላይ ጣራ የለም። ኮንክሪቱ ላይ ፌሮው እንደ ሸምበቆ ተደርድሯል። ከፊት ለፊት የአሸተን ተራራ ጉም ለብሶ ይታያል። ወይዘሮ ጥሩሰው አንዱን የዛገ ብረት ይዘው ቆመዋል።

«እዚህ ጋ ቁሞ በእርምጃው ይለካ ነበር» አሉ ሳይዞሩ። «‹ጥሩየ፣ እንግዳው መስኮቱን ሲከፍት አሸተንን ነው የሚያየው› ይለኝ ነበር። ጠዋት ጠዋት ከቤት ስወጣ ይኸ ብረት ይታየኛል። አረጋን ሳልቀብረው ትቸው የሄድሁ ይመስለኛል።»

ሰብሌ ስትመጣ ብዙ ነገር አዘጋጅታ ነበር። ስለ ወለድ፣ ስለ ባዶ ክፍል፣ ገንዘብ ስለሚያመጣና ገንዘብ ስለሚበላ ንብረት ልትናገር አስባ ነበር። ሁሉም ከአእምሮዋ ወጣ። ለካ ሴትዮዋ የሚፈልጉት ፎቅ አልነበረም። ሄዳ አጠገባቸው ቆመችና ያንኑ ብረት በእጇ ያዘች።

«አይፍረስ እትየ። ይቁም» አለች። «ግን ለባልዎ ብለው ልጅዎን አያስይዙ።»

ወይዘሮ ጥሩሰው ግንባራቸውን ብረቱ ላይ ደፍተው አለቀሱ። ያ ሁሉ ኩራት ያለ ድምፅ ፈሰሰ። ሰብሌ ምጥ ላይ ያለችን ሴት እንደምትይዝ አድርጋ ያዘቻቸው፣ አንድ እጇን ወገባቸው ላይ፣ አንዱን መዳፋቸው ውስጥ።

«ታዲያ ምን ላድርግ?» አሉ በመጨረሻ፣ ፊታቸውን በነጠላቸው ጠርገው። ጥያቄው ከልባቸው ነበር።

«አዲስ የተመደቡት ሐኪሞችና ነርሶች ቤት አጥተው ተደራርበው ነው የሚያድሩት። በወር ቢያከራዩዋቸው ክፍሎቹ ባዶ አይውሉም። የሚገባውን ለፎቁ ብቻ ለብቻው ያስቀምጡት። ቶሎ አያልቅም፣ አልዋሽዎትም። ሲያልቅ ግን የማንም ዕዳ አይኖርበትም።»

«ሆቴሌን የኪራይ ቤት?» ቅንድባቸው ወደ ቀድሞ ቦታው ተመለሰ። ቁልቁል ግቢውን ተመለከቱ። «የፊት ለፊቶቹን አልሰጥም። ለገና እንግዳ ይመጣ ይሆናል። የጓሮዎቹን ይውሰዱ። እሱም እስከ ፋሲካ ልሞክረው ብየ ነው።»

«ይበቃል እትየ።»

«ልጄን ትወጅዋለሽ?»

«እወደዋለሁ።»

«ዋስ ግን አትሆኝውም።»

«አልሆነውም።»

ወይዘሮ ጥሩሰው ዐይን ዐይኗን አዩዋት። «እኔ አረጋ ፈርሚ ያለኝን ሁሉ ፈርሜለታለሁ» አሉ። «አንድ ቀን እንኳ አልፈርምም ብየው ቢሆን ኑሮ...» አልጨረሱትም። የሰብሌን ነጠላ ከትከሻዋ የተንሸራተተውን ጫፍ አንስተው መለሱላት።

* * *

ኢያቄም ከደረጃው ሥር ይጠብቃት ነበር። ከሆቴሉ አብረው ወጡ። ገበያው እየተፈታ ነው፤ የተጠረበው ድንጋይ መንገድ በሰውና በአህያ ተጨናንቋል። ዳገቱን ወጡ።

«ሰብልየ» አለ በመጨረሻ። «አታምነኝም ብየ ነበር የተቀየምሁሽ።»

«እኔ ደግሞ ንቀኸኝ ሄድህ ብየ።»

«አሁን ምን ታስቢያለሽ?»

«አሁን እፈራለሁ» አለችው። «እንደገና ስትቆጣ ዐይንህን እንዳትነሳኝ እፈራለሁ። ተቆጣ፣ ጩህብኝ። ግን እያየኸኝ።»

ኢያቄም ቆመ። መንገዱ መሐል፣ ሰው እየገፋቸው፣ ማስክ ሳይጋርደው አያት። እነዚያ የናፈቋት ዐይኖች ናቸው። ቀስ ብሎ እጇን ያዘ።

እዚህ አገር ቀለበት ያላሰረች ልጅ ገበያ መሐል እጇን ለወንድ አትሰጥም። ሰብሌም ሰጥታ አታውቅም። ልትስበው ስትል ከኋላቸው ጥሩምባ ጮኸ፤ ከገበያ የሚመለሱ ሰዎችን ከላይ የጫነ አይሱዙ ዳገቱን እያጓራ መጣ። የገነተ ማርያም መኪና ነው። ከላይ የተቀመጡት የአባቷ ጎረቤቶች ናቸው። አንዷ ሴት አወቀቻትና ከጎኗ ያለችውን በክርኗ ጎሸመች። ሁሉም አንገታቸውን ወደ ታች አሰገጉ።

ወሬው ፀሐይ ሳትጠልቅ አባቷ ደጅ እንደሚደርስ አወቀች።

ይድረስ አለች በልቧ። ጣቶቿን በጣቶቹ መሐል አስገብታ አጥብቃ ያዘችው፤ መኪናው አልፎ፣ አቧራው ተበትኖ፣ መታጠፊያው ላይ እስኪሰወር ድረስ አለቀቀችውም።